የመጫወቻ ዕቃ በእውነተኛ ጠመንጃ ላይ፤ የሚፈቀድበትና የማይፈቀድበት

ሰው በገንዘቡ ዕቃ ሲገዛ ሁለት ነገር መርምሮ ሊገዛ ይገባዋል፤ አንደኛው ዕቃው የሚሸከመው ሸክም ምን ያህል ነው የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው ቢሰበር የሚከተለው መዘዝ ምንድን ነው የሚለው ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይመረምር ዋጋን ብቻ ተመልክቶ የሚገዛ ሰው፥ ርካሹን ሲወስድ አንዳንድ ጊዜ ይጎዳል፥ ውዱንም ሲወስድ አንዳንድ ጊዜ ገንዘቡን በከንቱ ያባክናል። ይህ መመዘኛ ለሁሉም ዕቃ የሚሠራ ቢሆንም፥ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የተለመደው፥ ኤርሶፍት ለተባለው መጫወቻ ጠመንጃ የተሠሩትን ርካሽ ማነጣጠሪያዎች፥ መያዣዎችና መቆሚያዎች ወስዶ .22 በሚባለው ትንሽ እውነተኛ ጠመንጃ ላይ የመግጠም ልማድ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የተኳሾች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ ጠመንጃ መያዝ በሕግ የተፈቀደ በመሆኑና .22 ጠመንጃም ጀማሪ ሁሉ የሚማርበት መሣሪያ በመሆኑ፥ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው በስካውት የበጋ ሰፈር ሲማሩበት፥ ወይም የሥራ ባልደረቦቻቸው በዒላማ ሜዳ ሲለማመዱበት ማየታቸው አይቀርም። ይህን መሣሪያ የሚነካ ሰው ሁሉ፥ ወይም ልጁ እንዲነካው የሚፈቅድ አባትና እናት፥ በላዩ የሚታሰረው ዕቃ የትኛው ጨዋታ የትኛውስ አደጋ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ስለ ትንሹ ጥይት

የዚህ ጥይት ነገር የሚጀምረው ከፈረንሳይ ነው። ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1845 ገደማ፥ በቤት ውስጥ ዒላማ ለሚለማመዱ ሰዎች የሚሆን፥ ባሩድ የሌለበትና በማቀጣጠያው ቅመም ኃይል ብቻ ዐረሩን የሚገፋ ትንሽ ጥይት አወጣ። ከዚያም በኋላ ስሚዝ እና ዌሰን የተባሉት አሜሪካውያን አሳቡን አስፋፍተው እ.ኤ.አ. በ1857 .22 ሾርት የተባለውን ጥይት ከሽጉጣቸው ጋር ለገበያ አቀረቡ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው .22 ሎንግ ራይፍል ግን ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1887፥ ስቲቨንስ በተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ፋብሪካ ተሠራ።

ይህን ጥይት ከሌሎቹ የሚለየው ዋና ነገር የአቀጣጠሉ ሥርዓት ነው። በትልልቆቹ ጥይቶች የማቀጣጠያው ቅመም በቀለሁ ግርጌ መካከል በተተከለ ትንሽ ኮፍያ ውስጥ ይቀመጣል፤ በ.22 ግን ቅመሙ የሚቀመጠው በግርጌው ዙሪያ ባለው የጠርዝ እጥፋት ውስጥ ነው። የጠመንጃው መርፌ ይህን ጠርዝ ጨፍልቆ ሲመታው ቅመሙ ይቀጣጠላል፥ እርሱም በተራው ባሩዱን ያቀጣጥላል። ሪምፋየር የተባለው የጥይት ወገን ይህ ነው። እንግዲህ ጠርዙ በመርፌ ምት መጨፍለቅ ስላለበት የቀለሁ ብረት ስስ መሆን ግድ ሆነ፤ ብረቱም ስስ ስለሆነ ከፍ ያለ ግፊት ሊሸከም አልቻለም፤ ግፊቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ጠመንጃው በተኳሹ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ርግጫ እጅግ ትንሽ ሆነ። በአሜሪካ የጥይት ሠሪዎች ደንብ ለ.22 ሎንግ ራይፍል የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 24,000 ፓውንድ ሲሆን፥ ለአደን ለሚሠራበት ለ.30-06 ግን 60,000 ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ሁሉ መሠረቱ ይህ የቀለህ ስስነት ነው።

ርግጫው ትንሽ፥ ድምፁም ዝቅ ያለ፥ የጥይቱም ዋጋ ርካሽ በመሆኑ፥ ይህ ጠመንጃ የትምህርትና የውድድር መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የሚካሄደው በእርሱ ነው፤ የመካከለኛው ነጥብ ስፋትም 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚተኮስበት የባያትሎን ውድድርም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ወደዚሁ ጥይት ተዛውሯል፤ በዚያም ተወዳዳሪው ተኝቶ ሲተኩስ በ50 ሜትር ርቀት 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ መምታት ይጠበቅበታል። ከሕዝብ ጠመንጃዎች መካከልም ማርሊን ሞዴል 60 እ.ኤ.አ. በ1960፥ ሩገር 10/22 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥተው፥ በአሜሪካ ብዙ ቤት የሚገኙ የታወቁ መሣሪያዎች ለመሆን በቅተዋል።

ከጃፓን ስለ መጣው መጫወቻ

ኤርሶፍት የተባለው መጫወቻ የተወለደው በጃፓን ነው። የጃፓን ሕግ ሕዝቡ እውነተኛ ጠመንጃ እንዳይዝ በብርቱ የሚከለክል በመሆኑ፥ የጦር መሣሪያን መልክና ታሪክ የሚወዱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአየር ወይም በጋዝ ግፊት ትንንሽ የፕላስቲክ ድብልብል የሚተፋ አምሳያ ማግኘት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ በባትሪ የሚሠራውን ዓይነት ካወጣ በኋላ ጨዋታው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተዛመተ። ድብልብሉ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 0.20 ግራም ክብደት ያለው ሲሆን፥ በሴኮንድ 100 ሜትር ቢሮጥ የሚሸከመው ኃይል አንድ ጁል ነው፤ ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2006 ባሻሻለችው ሕግ ይህን መጫወቻ ከአንድ ጁል በጥቂት ባነሰ ልክ ወሰነችው።

የጨዋታው ወዳጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚሹት መልክን ስለ ሆነ፥ ፋብሪካዎቹ የመጫወቻውን አካል ብቻ ሳይሆን ወታደር በጠመንጃው ላይ የሚያስረውን ሁሉ መኰረጅ ጀመሩ። ቀይ ነጥብ የሚያሳየውን ማነጣጠሪያ፥ የፊት መያዣውን፥ ባለ ሁለት እግሩን መቆሚያ፥ የእጅ ባትሪውን፥ ማንገቻውንና ይህን ሁሉ የሚሸከመውን ሐዲድ ሳይቀር፥ አብዛኛውን ጊዜ በቻይና ፋብሪካዎች፥ ከዋናው ዋጋ እጅግ በጥቂቱ ሠርተው አቀረቡ። አንድ እውነተኛ የወታደር ማነጣጠሪያ ብዙ መቶ ዶላር በሚያወጣበት ገበያ፥ በመልክ እርሱን የሚመስለው የመጫወቻ ማነጣጠሪያ በጥቂት አሥር ዶላር ይሸጣል።

መጫወቻው ከእውነተኛው ጋር ሊገጥም የቻለበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የአሜሪካ ጦር፥ በኒው ጀርዚ ግዛት በሚገኘው በፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም የሚጠራውን ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1995 በመደበኛ ልክ ወሰነው፤ የጎድጓዱ ስፋት 5.23 ሚሊ ሜትር፥ ከአንዱ ጎድጓድ መካከል እስከ ሌላው መካከል ያለው ርቀትም 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ። ልክ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ የሚገለገልበት ሁሉ ይገለገልበታልና፥ የመጫወቻ ሠሪውም ያንኑ ልክ ተከተለ። ከእርሱ በፊት የነበረው ዊቨር የተባለው ሐዲድ ጎድጓዱ ጠበብ ያለ ስለ ሆነ፥ ለዊቨር የተሠራ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በፒካቲኒ ላይ ሲገባ፥ ለፒካቲኒ የተሠራው ግን በዊቨር ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም። አንዳንድ የ.22 ጠመንጃዎች ደግሞ እነዚህ ሁለቱም ሳይኖራቸው፥ በአካላቸው ላይ በቀጥታ የተፈለፈለ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ መግጠሚያ አላቸው። ስለዚህ ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጠመንጃው የትኛው ዓይነት መግጠሚያ እንዳለው መለካት ይኖርበታል፤ የመጫወቻ ፋብሪካ ልክ አልፎ አልፎ የሚያጥርና የሚረዝም ነውና፥ ያልገባውን በመዶሻ ማስገባት ወይም በሞረድ መሞረድ የጠመንጃውን አካል ያበላሻል።

የርግጫው ሒሳብ

አሁን ወደ ሸክሙ እንምጣ። ጠመንጃ ዐረሩን ወደ ፊት ሲገፋ ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህም ኒውተን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የጻፈው የተፈጥሮ ሕግ ነው። የ.22 ዐረር 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፥ ከረዥም ጠመንጃ ሲወጣም በሴኮንድ 370 ሜትር ያህል ይሮጣል። ጠመንጃው 2.5 ኪሎ ግራም ቢመዝን፥ የባሩዱ ጋዝ የሚጨምረው ጭምር ታስቦ ወደ ኋላ የሚመለስበት ፍጥነት በሴኮንድ ከግማሽ ሜትር ያነሰ ይሆናል፤ የርግጫውም ኃይል ሩብ ጁል እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ 3.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን የ.30-06 የአደን ጠመንጃ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ዐረር በሴኮንድ 880 ሜትር ሲያስወነጭፍ፥ ወደ ኋላ የሚመለስበት ፍጥነት በሴኮንድ ከሦስት ሜትር ይበልጣል፥ ኃይሉም ከ20 ጁል ያልፋል። ስለዚህ የአንዱ ርግጫ ከሌላው ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው።

ማነጣጠሪያ በጠመንጃ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ይህን ርግጫ በየተኩሱ ይቀበላል። ጠመንጃው በድንገት ወደ ኋላ ሲሸሽ፥ መስተዋቱ፥ ባትሪውና ቅንጣት የምታህለው መብራት በነበሩበት ለመቆየት ይሻሉ፤ የሚጎትታቸውም ሙጫው፥ ብየዳውና ብሎኑ ናቸው። በከባድ ጠመንጃ ላይ ይህ መጎተት ብርቱ ስለሆነ ደካማው ሙጫ ይላቀቃል፥ ብየዳው ይሰነጠቃል፥ ነጥቡም ከቦታው ይሸሻል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በ.22 ላይ ግን መጎተቱ ለስላሳ በመሆኑ፥ ያው ደካማ ዕቃ ብዙ መቶ ተኩስ ታግሦ ሊቆይ ይችላል።

እውነቱን በሙሉ ለመናገር ግን፥ የመጫወቻ ዕቃ ለ.22 ርግጫ እንኳ አልተሠራም። የመጫወቻው ድብልብል ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት ከ.22 ግፊት ሃምሳ እጅ ያህል ያንሳልና፥ ሠሪው ያሰበው ሸክም ከርግጫ ይልቅ የሞተሩን መንቀጥቀጥና የተጫዋቹን እጅ ነው። እንግዲህ በ.22 ላይ መሥራቱ ከሠሪው ቃል ኪዳን የመነጨ አይደለም፤ ሸክሙ ከዕቃው አቅም በታች ሆኖ በመገኘቱ ብቻ የመጣ ነው። ስለዚህ አንዱ ለዓመታት ሲያገለግል፥ ከእርሱ ጋር በአንድ ሳጥን የመጣው ሌላው በመጀመሪያው ቀን ሊበላሽ ይችላል።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው የሚስትበት አንድ ምሥጢርም አለ። በጠመዝማዛ ብረት ኃይል የሚሠራው የአየር ጠመንጃ ባሩድ የማያውቅ በመሆኑ ከ.22 ይልቅ ለማነጣጠሪያ የዋህ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ከባድ ፒስተን ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃውን አስቀድሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል፥ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ በድንገት ወደ ፊት ይመታዋል፤ ይህ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ምት ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራውን ጥሩ የማነጣጠሪያ መነጽር እንኳ ሲሰብር ታይቷል። የሸክም መለኪያው እንግዲህ የመሣሪያው ስም ወይም ግርማ አይደለም፤ ዕቃው በእውነት የሚቀበለው ምት ነው።

በቀይ ነጥቡ ውስጥ ያለው

ከመጫወቻ ዕቃዎች ሁሉ በ.22 ላይ በብዛት የሚታየው ቀይ ነጥብ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ ነው። የአሳቡ አባት አየርላንዳዊው የመነጽር ሊቅ ሃዋርድ ግራብ ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1900 የብርሃንን ምልክት በመስተዋት አንጸባርቆ በሩቅ ካለው ዒላማ ላይ ያረፈ እንዲመስል የሚያደርገውን ብልሃት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ኤምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያ ማነጣጠሪያውን ለገበያ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትንሽ ቀይ መብራት ከፊት ወዳለው ጎበጥ ያለና ቀይ ብርሃንን ብቻ የሚመልስ ቅብ ወዳለው መስተዋት ታበራለች፤ መስተዋቱም ብርሃኑን ወደ ተኳሹ ዓይን ይመልሰዋል። ተኳሹ ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ነጥቡን በዒላማው ላይ ሲያሳርፍ፥ እንደ ቀድሞው የብረት ማነጣጠሪያ የኋላውንና የፊቱን ማስተካከል አያስፈልገውም። ለጀማሪና ዓይኑ ለደከመ አረጋዊ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

ርካሹና ውዱ በዚህ አሠራር ይስማማሉ፤ የሚለያዩት በሥራው ጥራት ነው። በርካሹ መስተዋቱ ሰማያዊ ሆኖ ያጨልማል፥ ነጥቡም ጥርት ያለ ክብ መሆኑ ቀርቶ ጭራ ያወጣል፥ በጠራራ ፀሐይም ደብዝዞ ይታያል። ከዚህም የሚብሰው ዓይን ከመካከል ወደ ዳር ሲል ነጥቡ በዒላማው ላይ መንሸራተቱ ነው፤ ጥሩው ማነጣጠሪያ ይህን ጉድለት እጅግ ያሳነሰው ሲሆን፥ ርካሹ ግን ዓይኑን በአንድ ቦታ አጽንቶ ለማይዝ ተኳሽ ጥይቱን ያስትበታል። በአንዳንድ ውድ ማነጣጠሪያዎች ምልክቱ የሚሠራው በሌዘር ብርሃንና በሆሎግራም ጥበብ ነው፤ እነርሱን የሚመስለው የመጫወቻ ዕቃ ግን ውስጡ ያችው ተራ ቀይ መብራት ናት፤ ቅርጹ ተኮረጀ እንጂ ጥበቡ አልተኮረጀም።

በዚህ ላይ አንድ የኅሊና ጉዳይ ይጨመራል። ከመጫወቻ ማነጣጠሪያዎች አንዳንዶቹ የታወቁ ኩባንያዎችን ስምና ምልክት ያለ ፈቃድ ተሸክመው ይሸጣሉ። ይህ ስርቆት ከመሆኑም በላይ፥ ዕቃው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሁለተኛው ገዢ እውነተኛ መስሎት በከባድ ጠመንጃ ላይ እንዲያስረው ያደርገዋል። በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ሐቀኛ ዕቃ ነው፤ በሰው ስም የሚሸጠው ግን ማንንም ሊያሳስት ይችላልና አለመግዛቱ ይሻላል።

የሚገባውና የማይገባው

ከዚህ በላይ ያስቀመጥናቸውን ሁለቱን መመዘኛዎች፥ ሸክሙንና መዘዙን፥ በየዕቃው ላይ ብናውላቸው ፍርዱ ግልጽ ይሆናል። ለወረቀት ዒላማ መለማመጃ በሚሆን .22 ላይ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ፥ የፊት መያዣና ባለ ሁለት እግር መቆሚያ ቢገጠሙ፥ ሸክማቸው ቀላል ነው፥ ቢሰበሩም መዘዙ የተሳተ ዒላማና የባከነ ጥቂት ገንዘብ ነው። እንዲያውም ጀማሪ ምን ዓይነት ማነጣጠሪያ ለዓይኑ እንደሚስማማ፥ መያዣውስ ከየት ቢሆን እጁ እንደሚያርፍ በርካሽ ዕቃ ፈትኖ ካወቀ በኋላ፥ ቆይቶ ለሚገዛው ጥሩ ዕቃ ገንዘቡን በዕውቀት ያወጣል። ማንገቻ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቀበቶው ከባድ ሸክም ባይሸከምም፥ የፕላስቲክ ማያያዣው ቢበጠስ የሚወድቀው እውነተኛ ጠመንጃ ነውና፥ ማያያዣው ብረት መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

የማይገቡት ደግሞ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፥ ጥይቱ የሚያልፍበት ወይም የባሩድ ግፊት የሚነካው ማንኛውም ክፍል ከመጫወቻ ፈጽሞ መወሰድ የለበትም። በተለይ በመጫወቻው አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው አስመሳይ የድምፅ መቀነሻ አደገኛ ነው። ውስጡ ባዶ ፕላስቲክ ወይም ስፖንጅ ሲሆን፥ የጥርሱም ልክ ብዙውን ጊዜ 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ ጥርስ የወጣለት የአሜሪካ .22 አፈሙዝ ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኢንች የሆነና ወደ ቀኝ የሚዞር ጥርስ አለው። በመሸጋገሪያ አስገድዶ የገጠመው ሰው ከቀዳዳው መስመር ባልተቃና ቧንቧ ውስጥ ዐረር ይሰዳል፤ ዐረሩም ቧንቧውን ሰብሮ ወዳልታሰበበት አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ የድምፅ መቀነሻ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በልዩ ሕግ የሚጠበቅ ዕቃ ስለሆነ፥ መጫወቻን ወደዚያ መለወጥ ከባድ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፥ ቤትን ወይም ራስን ለመጠበቅ በተዘጋጀ መሣሪያ ላይ የመጫወቻ ማነጣጠሪያና የመጫወቻ ባትሪ አይታሰርም። በዚያ ሸክሙ ቀላል ቢሆን እንኳ መዘዙ ከባድ ነው፤ በጨለማ ያልበራ ባትሪ ባለቤቱ ልጁን ከሌባ እንዳይለይ ሊያደርገው ይችላልና።

ሦስተኛ፥ ርካሽ ሌዘር መወገድ ይገባዋል። በአሜሪካ ለሕዝብ የሚሸጥ የሌዘር ጠቋሚ ኃይል ከ5 ሚሊዋት እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ቢሆንም ምንጩ ያልታወቀ ሌዘር በላዩ የተጻፈውን ልክ ላይጠብቅ ይችላል፥ የተጎዳ የዓይን ብሌንም በገንዘብ አይተካም።

አራተኛ፥ በ.22 ላይ የሠራ ዕቃ ወደ አደን ጠመንጃ ወይም ወደ ወፍራም ጥይት ጠመንጃ አይዛወርም። ሽጉጥም ቢሆን ይለያያል፤ የላይኛው ብረት በየተኩሱ ወደ ኋላ እየተወረወረ በሚመለስበት ሽጉጥ ላይ፥ በዚያ ብረት ላይ የተቀመጠ ማነጣጠሪያ የሚቀበለው ምት ከጠመንጃው ምት እጅግ ይከፋል።

ስለ አገጣጠሙና ስለ ምርመራው

ገጠማ ከመጀመሩ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ፥ ካዝናው ወጥቶ፥ መዝጊያው ተከፍቶ፥ በዓይንና በጣት መረጋገጥ አለበት፤ ጥይቱም ገጠማው ከሚደረግበት ክፍል ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ከዘይት ይጠረጋል፥ ማነጣጠሪያው በጎድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ፊት ተገፍቶ ይታሰራል፤ ርግጫ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ሲወስድ ማሰሪያው አስቀድሞ ከብረቱ ጋር ተደግፎ ስለሚገኝ አይንሸራተትም። የመጫወቻ ዕቃ ብሎን ለስላሳ ብረት ስለሆነ ከመጠን በላይ ያጠበቀው ሰው ጥርሱን ይበላዋል፤ በልክ አጥብቆ፥ የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ጠብታ ጨምሮ፥ የብሎኑንና የማሰሪያውን ወሰን በቀለም መስመር ማገናኘት ይሻላል፤ ብሎኑ ከላላ መስመሩ ተቆርጦ ይታያልና።

ማስተካከሉ በ25 ሜትር ይጀመራል። ማስተካከያው የሚለካበት የዲግሪ ስልሳኛ ክፍል በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ በ25 ሜትር ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያዛውራል፤ አራት እንዲህ ያሉ ክፍሎችን የሚሸፍን ነጥብም በ25 ሜትር ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ተኳሹ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፎ አምስት ጥይት ይተኩሳል፥ የቀዳዳዎቹንም መካከል አይቶ ማስተካከያውን ያዞራል። ከዚያም የማስተካከያውን እውነተኛነት ለመፈተን፥ የተወሰነ ያህል ወደ ቀኝ፥ ያንኑ ያህል ወደ ላይ፥ ከዚያ ወደ ግራ፥ በመጨረሻም ወደ ታች እያዞረ በየማዕዘኑ ይተኩሳል፤ ጥሩ ዕቃ ወደ ተነሣበት ቦታ ይመለሳል፥ ደካማው ግን ይስታል። ሁለተኛው ፈተና ጊዜ ነው፤ ብዙ ተኩስ ከተተኮሰ በኋላ፥ ማነጣጠሪያው ሳይነካ፥ በሌላ ቀን ያው አምስት ጥይት ከቀድሞው ስፍራ ያርፍ እንደ ሆነ ማየት ነው። ጥይት በሳተ ቁጥር ራሱን የሚወቅስ ጀማሪ፥ ጥፋቱ የላላው ብሎን ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል፤ ስለዚህ የብረቱን ማነጣጠሪያ ከጠመንጃው አለማውለቅ ብልህነት ነው።

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ

መጫወቻና እውነተኛ መሣሪያ መልካቸው በተቀራረበ ቁጥር አንድ ከባድ አደጋ ይመጣል፤ እርሱም አንዱ በሌላው መሳሳቱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ሕግ መጫወቻ ጠመንጃ በአፈሙዙ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው ያዘዘው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ የ12 ዓመት ልጅ ይህ ምልክት የሌለበትን የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ በመናፈሻ ሳለ በፖሊስ ጥይት ተገድሏል። ይህን የሚያውቅ ወላጅ መጫወቻውን ወደ ደጅ አያስወጣም፥ ምልክቱም እንዲነሣ አይፈቅድም። በተቃራኒውም እውነተኛውን .22 በመጫወቻ ዕቃ ያስጌጠ ሰው፥ ልጅ አይቶት መጫወቻ ነው ብሎ እንዳያነሣው ሁለቱን በአንድ ክፍል ማኖር የለበትም፤ እውነተኛው በቁልፍ፥ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ ይጠበቅ።

የ.22 ጥይት ትንሽ ናት ተብላ መናቅ አይገባትም። በአሜሪካ የጥይት ሳጥን ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚጻፈው እስከ 1.5 ማይል፥ ማለትም 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ልትሄድ ትችላለች፥ ሰውንም ትገድላለች። አፈሙዙን ወደ ሰው አለማዞር፥ ለመተኮስ እስኪወሰን ድረስ ጣትን ከምላጭ ማራቅ፥ ከዒላማው በስተጀርባ ያለውን ማወቅ፤ እነዚህ ሥርዓቶች በ.22 አይቀንሱም። በአገራችን ያለው አንባቢም ይህን ጽሑፍ እንደ ፈቃድ አይውሰደው፤ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ፥ መሣሪያ መያዝም ሆነ ዕቃውን ከውጭ ማስገባት ሕጉንና የሚመለከተውን ባለሥልጣን ጠይቆ የሚደረግ እንጂ በገዛ ፈቃድ የሚደረግ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። በ.22 ጠመንጃ ላይ፥ ለወረቀት ዒላማና ለትምህርት፥ ዓይንንና እጅን ብቻ የሚረዳ ርካሽ የመጫወቻ ዕቃ ተመርምሮ ቢገጠም ነውር የለበትም፤ የባሩድ ግፊት በሚነካው ክፍል፥ በከባድ ጠመንጃ ላይና ሕይወት በሚታመንበት መሣሪያ ላይ ግን ከቶ አይገባም። በማነጣጠሪያ የተቆጠበውን ገንዘብ ለጥይትና ለመምህር አውሉት፤ ጥሩ ተኳሽን የሚያወጣው ልምምድ ነውና።